ሩብ ዙር

አማቴ አምቢኮ ላይ የቤታቸውን ጣሪያ ሊለውጡ ነው። የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ነገሩ በወሬ መልክ ቢመጣም ትእዛዝ መሆኑን ለማወቅ የእኔን ያህል በትዳር መቆየት አያስፈልግም። «አባባ ባሕር ዛፋቸውን ሊያስቆርጡ ነው አሉ» አለች፣ ወጧን እያማሰለች። «ይቅናቸው» አልኩ። «ወንድሜ ሞተር መጋዝ አለው» አለች። «አዎ፣ ያውም ዓመት ያልሞላት» አልኩ። «ብቻውን እንዴት አድርጎ ይችለዋል?» አለች። ጉባኤው በዚሁ ተበተነ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ዋርሳዬና መጋዚቱ ከደባርቅ በጭነት መኪና ተሳፍረን ነበር።

አምቢኮ ራስ ደጀንን የሚወጡ ፈረንጆች ከመውጣታቸው በፊት የሚያድሩባት፣ በውድቅት ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው የሚነሡባት መንደር ናት። ከደባርቅ የተነሣ ሰው ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ፣ የቧሂትን በር ተሻግሮ፣ ቁልቁል ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል። ከዚያ ደግሞ የወረደውን ሁሉ ከነወለዱ የሚያስከፍል አቀበት ይጠብቀዋል። መንደሯ ያለችው 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደባርቅ ራሷ 2,850 አካባቢ ስለሆነች እኛ ደባርቆች ከፍታ ብርቃችን አይደለም እያልን እንኮራለን። አቀበቱ እኩሌታ ላይ ግን መጋዚቱ በኪራይ በቅሎ ተቀምጣ፣ እኔ የበቅሎዋን ጭራ ይዤ ነበር የምሄደው።

መጋዚቱ የቆላ ልጅ ናት። ዋርሳዬ መተማ ወርዶ፣ በሰሊጥ አጨዳ ባገኘው ብር እዚያው ገዝቷት፣ እዚያው አስነሥቶ የግራር ግንድ አስቆርጦ አይቷት ነው ያመጣት። «ግራሩን ዱባ ነው ያደረገችው» ይላል እስከ ዛሬ። ደባርቅ ከገባች በኋላ ግን ጢሷ በዛ፣ ድምፅዋም ወፈረ። «ብርዱን እስክትለምድ ነው» አለን። ይኸው ወራት አለፉ፣ ብርዱን እየለመደች ነው።

አባባ ዛፎቹን በመጥረቢያ ምልክት አድርገውባቸው ጠበቁን፦ ይኸ ለወራጅ፣ ይኸ ለማገር፣ ያ ወፍራሙ ለምሶሶ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው ብላቸው «ማን የሚሉት አውስትራሊያ ነው? የተከልኩት እኔ ነኝ!» ብለው የሚቆጡ ሰው ናቸው። መንደሩ ከሞላ ጎደል ተሰብስቧል። ዋርሳዬ ኮቱን አውልቆ አስያዘኝ። የማስነሻውን ገመድ ሳበ። በሰባተኛው ተነሣች።

ተነሣች ማለት ሳለች ማለት ነው። ሰማያዊ ጢስ ለቀቀች፤ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ቤንዚን ሲሰጣት «ብልልል… ብልልል…» እያለች ተንተፋተፈች። ግንዱ ላይ ሲያሳርፋት ጥርሷን ጣት በማይሞላ ጥልቀት ሰክታ ቀጥ አለች። ከማርሚታዋ ጥቁር ዘይት ጠብ ሲል አባባ በእርሱ ፈንታ ሌላ ቦታ አዩ፤ ጨዋ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታውቁት ይመስለኛል። አገራችን ውስጥ አንድ ሞተር ሲቆም አሥር መካኒክ ይወለዳል። የቱሪስት በቅሎ የሚነዳው ጎረምሳ ቀደመ፦ «ፈረንጆቹንም እንዲሁ ነው የሚያደርጋቸው። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ እህል ይጠላሉ። እኛ ጠጡ፣ ብዙ ጠጡ ነው የምንላቸው። ቤንዚኑን ጨምርላት!» እማማ ደግሞ «ዓይን ነው የበላት! ከበቅሎ ስትወርድ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩዋት ነበር» አሉና ፌጦ ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ። አንድ የቀድሞ ወታደር «ካንዴላ! ካንዴላውን አውጡ!» እያለ ትእዛዝ መስጠት ጀመረ። ዋርሳዬ የሁሉንም እሺ እያለ የማንንም አላደረገም።

አንድ ቄስ ብቻ ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው፣ ከግንዱ ሥር የፈሰሰውን ብናኝ በሁለት ጣታቸው አሹት። «ይህ ዱቄት ነው» አሉ። «የተሳለ ነገር ፍቅፋቂ ነው የሚያወጣ። ዱቄት የሚፈጭ የደነዘ ነው።» አፍሬ ዝም አልኩ፤ ልክ ነበሩ። ጉልበት አነሳት የምትባል መጋዝ ብዙ ጊዜ ሕመሟ ሞተሯ ላይ ሳይሆን ጥርሷ ላይ ነው። ዋርሳዬ ክቡን ሞረድ አውጥቶ ጥርስ በጥርስ፣ መጀመሪያ የቀኙን ቀጥሎ የግራውን፣ ሁሉንም እኩል እኩል ሞረዳት። ዱቄቱ ፍቅፋቂ ሆነ። ሳሏ ግን አልለቀቃትም።

ለወታደሩም ተራ ሰጠነው። ካንዴላው ሲወጣ ጫፉ ከሰል የመሰለ፣ እርጥብም ነበር። ጤነኛ ካንዴላ መልኩ ለስለስ ተደርጎ የተቆላ ቡና ነው። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን አጥሮት እየነደደ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከሚችለው በላይ እየተጋተ ነው። መቼም ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ሊማሊሞን ቆርጦ ሲሄድ ጋራዡን ከነቋንቋው ነው ትቶልን የሄደው። ካንዴላ በእነርሱ አፍ ሻማም ነው፤ ማርሚታ ድስትም ነው። አምቢኮ ላይ ሻማዋ የጠቆረ፣ ድስቷ የሚያንጠባጥብ መጋዝ ታቅፈን ቆምን እንበል።

ደባርቅ ላይ የምናውቀው አንድ መካኒክ አለ። ስሙን አልናገርም፤ ሥራ ሲበዛበት ይነጫነጫል። በእጁ ከሚሠራው በጆሮው የሚሠራው ይበልጣል። ችግሩ ኔትወርክ ነው፤ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መጋዚቱን ተሸክመን ወጣን። በሽተኛ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ሲወሰድ ታይቷል፤ እኛ የወሰድናት ወደ ሲግናል ነው።

«ጋሼ፣ ጉልበት አጣችብን» አልኩት።

«አስነሣትና ስልኩን አስጠጋልኝ።»

አስጠጋሁለት። ትንሽ ሰማት። «አጥፋት» አለ። «የት ናችሁ?»

«አምቢኮ።»

«እሱማ! ጉርሻ በዝቶባት ነው።»

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገብቶኛልና ላስረዳ። ካርቡራተር ሥራው እንጀራና ወጥ ማመጣጠን ነው። አየሩ እንጀራ፣ ቤንዚኑ ወጥ። መተማ ላይ ሲያስተካክሏት ያስተካከሏት ለወፍራም እንጀራ ነው። አምቢኮ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ወጡ ግን በቆላው ጭልፋ መጨለፉን አልተወም ማለት ይቻላል። ስስ እንጀራ ላይ ያን ሁሉ ወጥ ብታፈስበት ጉርሻው ጣት ለጣት ይፈስሳል እንጂ አይዋጥም። ያ ጢስ፣ ያ ጥቁር ዘይት፣ ያ «ብልልል» የሚፈስሰው ወጥ ነው። የበቅሎ ነጂው ጎረምሳ ምክር ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ ታንቃ ትሞት ነበር። የከፍታውን ነገር የገመተው ግን እርሱ ነበር፤ እማማ ኋላ ነገሩን ሳስረዳቸው «አየሩማ ስስ ነው፤ ቆላ ላይ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ እዚህ ንፍሮ ለመሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል» አሉኝ። እውነት ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላና ከዚያ ወዲያ ምንም ብታነድበት ሙቀት አይጨምርም።

መካኒኩ ካርቡራተሩን ወዲያው አላስነካንም። «መጀመሪያ የአየር ማጣሪያዋን አውጣ» አለ። አወጣነው። የመተማ አቧራ፣ የደባርቅ ብናኝ፣ አንድ የሞተ ዝንብም ነበረበት። የታፈነ ማጣሪያ በራሱ ከፍታ ነው፤ አየር ይቀንሳል። አራገፍነው፣ በአፋችን እፍ አልነው። ቀጥሎ የቤንዚን ታንከሯን ክዳን አስፈታን፤ የታንከሩ መተንፈሻ የተደፈነ እንደሆነ መጋዝ ትንሽ ሠርታ ትጠፋለች፣ ክዳኑ ሲላላ «ፍስ» ብላ ነፍስ ትዘራለች። የእኛ አልተደፈነም። ቤንዚኑን ጠየቀን። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ መሆኑን ስንነግረው ረጅም ዝምታ ሆነ። ኔትወርኩ የጠፋ መስሎን «ሃሎ?» አልን። «አለሁ» አለ፤ «እያዘንኩ ነው።»

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባን። በመጋዚቱ ጎን፣ ከማስነሻው አጠገብ ሦስት ትናንሽ ብሎኖች አሉ። አንዷ ኤል ትባላለች፤ ከታች፣ ሞተሩ ቀስ ሲል የምትጨልፍ ናት። ሌላዋ ኤች፤ ሙሉ ሲሰጣት የምትጨልፈው። ሦስተኛዋ ወጥ አትነካም፣ ሚኒሞዋን ብቻ ነው ከፍ ዝቅ የምታደርገው። «ኤቿን ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ ዝጋትና ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠር። ስትቆም አታጥብቃት፣ ጫፏ መርፌ ነው፣ ይበላሻል» አለ። ካቻቢቴ ያዥ እኔ ነኝ። አንድ ዙር ከሩብ። «መልሰህ እዚያው ክፈታት። አሁን አስነሷትና እስክትሞቅ ጠብቁ።»

ስትሞቅ ኤሏን አስነካን፤ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ድምፅዋ ሲፈጥን ቁም፣ ወደ ግራ እንደ ፀጉር መልስ። ሚኒሞዋን ዝቅ። «ሰንሰለቷ ይዞራል?» «ትንሽ ይንቀሳቀሳል።» «ጨርሶ መንቀሳቀስ የለበትም፤ እግር ይበላል፤ ዝቅ አድርግ።» ሰንሰለቱ ቆመ፤ ሞተሩ ግን እንደ ድመት ማንኮራፋቱን ቀጠለ።

«አሁን ኤቿን። ሙሉ ስጣት።»

ዋርሳዬ ሙሉ ሰጣት። «ብልልልልል።» ሩቡን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ወደ ቀኝ አዞርኩ። «ብልል… ዝዝ… ብልል።» «ጥቂት ጨምር!» አለ ስልኩ። ጨመርኩ። «ዝዝዝዝዝ!» አቤት ድምፅ! ዋሽንት ነው። ዋርሳዬ በደስታ ጥርሱን አሳየኝ። መካኒኩ ግን ስልኩ ውስጥ ጮኸ፦ «መልስ! ትንሽ መልስ! ባዶዋን እንዲህ ጥርት ካለች ውሸቷን ነው። ባዶዋን ትንሽ ትንተባተብ፤ እንጨት ስትነክስ ንግግሯ ይቃናል። እንዲያ ነው ልኳ።» እንደ ፀጉር መለስኩ። መጀመሪያ ከነበረችበት ስትታይ ሩብ ዙር ያህል ተዘግታ ቀረች። ባዶዋን አንዴ አንዴ «ብል» ትላለች።

እዚህ ላይ እያለን አንድ የፓርክ ስካውት ክላሹን ትከሻው ላይ እንደነገተ፣ እያለከለከ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። አይፈረድበትም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቶ ከዚያ መዝገብ በወጣ አገር የሞተር መጋዝ ድምፅ ከጉብታ ላይ ሲሰማ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ስካውት የለም። አየን። መጋዚቱን አየ። ዙሪያውን አየ። ጉብታው ላይ ከሣርና ከድንጋይ በቀር የለም፤ አንድ አስታ እንኳ አልበቀለበትም።

«ምንድን ነው የምትቆርጡት?» አለ።

«ኧረ እኛ አልቆረጥንም፣ ኔትወርኩ ነው የሚቆረጠው» አለው ዋርሳዬ።

እርሱን ስናስረዳ፣ ስልኬ ውስጥ መካኒኩ ገና እየተናገረ ነበር። ወደ ጆሮዬ ስመልሰው «…ስትወርዱ… መል…» ብሎ ጠፋ። ዋርሳዬ «ምን አለ?» አለኝ። «ስትወርዱ መልካም መንገድ አለ» አልኩት። ጨዋ ሰው ነው ብለን ተደነቅን።

የዚያን ቀን ከሰዓትና እሑድን ከቅዳሴ መልስ ቆረጥን። ዱባ አልሆነም፤ መዋሸት አልፈልግም። አየሩ የወሰደውን ጉልበት የትኛውም ብሎን አይመልሰውም፤ ካቻቢቴ የሚመልሰው በወጥ ብዛት የባከነውን ብቻ ነው። ግን ጢሷ ቀረ፣ ግንድ ላይ ስታርፍ ድምፅዋ ተቃና፣ ወራጁም ማገሩም ወደቀ። እማማ በፌጦዋቸው ላይ ክብሩን ወሰዱ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። አባባ ምሶሶውን እየዳበሱ «ይህን እኔ ነኝ የተከልኩት» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋርሳዬ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ገባ። ዛሪማ ከአምቢኮ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቱም አየሩም ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ደወለልኝ። «እንዲህ ጮሃ አታውቅም! መተማ ከነበረችበትም ትበልጣለች! ባዶዋን ዋሽንት ናት!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴም ነገርኳት።

በማግሥቱ መካኒኩን ሻይ ቤት አገኘሁት። «ዋርሳህ የት ሄደ?» አለኝ። «ዛሪማ፤ መጋዚቱም ዋሽንት ሆናለች» አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ኤቿን መለሰ?»

«ምኑን?»

«ስትወርዱ መልሷት ብያችሁ አልነበር?»

እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ የተቆረጠ ቃል አልጨርስም። መል… ብሎ የቆመ ቃል ስንት ነገር ሊሆን ይችላል! ነገሩ እንዲህ ነው፦ አምቢኮ ላይ ለስስ እንጀራ ተብሎ የተቀነሰው ወጥ ዛሪማ ላይ ለወፍራሙ አይበቃም። ሞተሩ ደረቅ እንጀራ ይጎርሳል። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር የተለየ ዘይት ማጠራቀሚያ የለውም፤ ዘይት የሚያገኘው ቤንዚኑ ውስጥ ከተደባለቀው፣ በሊትር 20 ወይም 40 ሚሊ ሊትር፣ ዋርሳዬ ደግሞ በአረቄ መለኪያ ከሚለካው ነው። ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። ክፋቱ ግን ድምፅዋ ነው። እንዲህ የተራበች መጋዝ ከመሞቷ በፊት ትዘፍናለች፤ ከዚያ በፊት ሮጣ የማታውቀውን ትሮጣለች። ባለቤቷ «ተሻላት» ይላል።

ደወልን። ያቺ ሴትዮ ወጣችና የደወልንለትን ሰው ማግኘት እንደማንችል ነገረችን። መካኒኩ «ተይው፣ አሁን እየቆረጠ ነው» አላት፣ እንደምትሰማው።

ዋርሳዬ ሐሙስ መጣ። ከአውቶብስ ሲወርድ መጋዚቱን እንደ ሕፃን አቅፏት ነበር። ገመዱን ሳብኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። መካኒኩ ሲፈታት ፒስተኑ ነክሷል። በማርሚታው በኩል ያለው ጎኑ ድመት የቧጠጠችው ይመስል ከላይ እስከ ታች ተፋፍቋል። ካንዴላው ነጭ፣ አጥንት የመሰለ። ማንም ማንንም አልተቆጣም። መካኒኩ ፒስተኑን በጨርቅ ጠርጎ ዋርሳዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠለትና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ለጥምቀት እማማ ደባርቅ መጡ። መስኮታችን ላይ የተቀመጠውን ፒስተን አንሥተው ገለበጡት። የቡና ስኒ ያህል ናት፣ ጎኗና ጎኗ ላይ ቀዳዳ አላት። «ውይ፣ ስታምር» አሉ። በአመድ ፈትገው አጠቧት። ፍም ጨመሩባት፣ ዕጣን ጨመሩባት። ጢሱ በአፏም በሁለቱ ቀዳዳም እየወጣ ቤቱን አወደው። ይዘዋትም ወደ አምቢኮ ሄዱ።

በፋሲካ እኔና ዋርሳዬ ወጣን። በአዲሱ ጣሪያ ሥር ቡና ተፈላ፤ ፒስተኗም ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ታጤሳለች። ዋርሳዬ ወደ እርሷ ላለማየት ቀና ብሎ ወራጆቹን ይቆጥር ነበር። እማማ ሁለተኛውን ስኒ እየሰጡት «ልጄ» አሉት፤ «ይቺን ያየች ጎረቤቴ ሁሉ እየቀናችብኝ ነው። ስትመለስ አንድ ለእርሷም አምጣላት።»